ለነርሷም «ደህና ነኝ»?

ውጭ አገር የሚወልዱ እህቶቻችን ኤፒዱራል (የምጥ ሕመምን የሚያደነዝዝ የወገብ መርፌ) ሊወስዱ ሲሉ ከአገር ቤት በስልክ የሚመጣው ምክር ሁሌም አንድ ነው፦ «እንዳትወጊ፣ ዕድሜ ልክሽን ወገብሽን ያምሻል!» መርፌው የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ያማል፤ እውነት ነው። ለዓመታት የሚዘልቀው የወገብ ሕመም ግን ባልተወጉትም እናቶች ላይ እኩል ይታያል። የሚያንገበግበው፣ ሊፈራ የሚገባውን የሚነግራቸው መጥፋቱ ነው።

ሐኪሙ መርፌውን በታችኛው ወገብ አጥንቶች መካከል እያስገባ በሲሪንጅ የጨው ውሃ ይገፋል። የሚገፋው ነገር ድንገት ሲላላለት ቦታው ደርሷል ማለት ነው። ቀጭን ቱቦ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እዚያ ይተዋል። ከዚያ ትንሽ የሙከራ መድኃኒት ሰጥቶ ይጠይቃል፦ ጆሮሽ ይጮሃል? አፍሽን ብረት ብረት ይልሻል? ከንፈርሽ ደነዘዘ? እግርሽ ከበደሽ? ፊተኞቹ ቱቦው ደም ሥር ውስጥ መግባቱን ይጠቁማሉ፤ የእግሩ መክበድ በደቂቃዎች ውስጥ ከመጣ ደግሞ በህብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ውስጥ መግባቱን። የእኛ ሰው ግን እየደነዘዘውም «ደህና ነኝ» ይላል! ሙሉው መጠን ደም ሥር ውስጥ ከገባ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ ልብም ሊቆም ይችላል። ፈሳሹ ውስጥ ከገባ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ትንፋሽም ሊቆም ይችላል።

ከ100 እናቶች በአንዷ ገደማ መርፌው የፈሳሹን ሽፋን ይበሳል። ምልክቱ ቁጭ ሲሉ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ነው። «የእንቅልፍ እጦት ነው» ተብሎ አይታለፍም። ካልተሻላት ከክንዷ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ተቀድቶ እዚያው ወገቧ ላይ ይሰጣታል፤ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ካለች የመጨረሻውን መርፌ በስንት ሰዓት እንደተወጋች በትክክል ትናገር። ኢኖክሳፓሪን ከሆነ ለመከላከያ ከሚሰጠው መጠን በኋላ 12 ሰዓት፣ ለሕክምና ከሚሰጠው በኋላ 24 ሰዓት ይጠበቃል። ይህ ከተዘለለ መርፌው በገባበት ቦታ ደም ተጠራቅሞ ነርቮቹን ሊጫን ይችላል።

ስለዚህ በቱቦው የመጨረሻው ማደንዘዣ ከተሰጠ 4 ሰዓት ሆኖት እግሯን ዘርግታ ከአልጋው ማንሳት ካቃታት፣ እዚህም ላይ «ደህና ነኝ» አይባልም። ነርሷ የምትመዘግበው የተነገራትን ነው። ሐኪም ወዲያው ይጠራ፣ ኤምአርአይ ይነሳላት፤ የተጠራቀመው ደም በሰዓታት ውስጥ ካልወጣ እግሯ ላይመለስ ይችላል። ቤት ከገባች በኋላም ትኩሳት ከወገብ ሕመም ጋር ከመጣ ወይም ሽንቷን መቆጣጠር ካቃታት፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ትመለስ።