ነርስ? ለምን ዶክተር አትሆኚም?

ሒሳብ ሠራተኛ እሆናለሁ ያለ ልጅ «ጎበዝ!» ይባልና ወሬው እዚያው ያልቃል። ነርስ እሆናለሁ ያለ ግን ስብሰባ ይጠራበታል። አጎት ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ጎረቤት ወንበር ስባ ትጠጋለች። ሆስፒታል የረገጠው ዘመድ ሊጠይቅ ብቻ የሆነ ሰው ሁሉ በአንዴ የጤና ሚኒስትር ይሆናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ የታወቀ ነው። «እንዲህ ጎበዝ ሆነሽ፣ ለምን ዶክተር አትሆኚም?» ነርስነት ዶክተርነት አልሳካ ላለው ሰው የተዘጋጀ ማረፊያ ይመስላቸዋል። እስቲ የአውሮፕላን መካኒኩን «ምነው አብራሪ ሳትሆን ቀረህ?» በሉት። ብቻ ከመሳፈራችሁ በፊት አትሞክሩት።

ሁለቱ ሥራዎች ለየቅል ናቸው። ሐኪሙ መርምሮ፣ አዝዞ ወደሚቀጥለው ታካሚ ያልፋል። ነርሷ ግን እዚያው ናት፤ በብዙ ሆስፒታል አንድ ፈረቃ 12 ሰዓት ይፈጃል። ጤነኛ አዋቂ ሰው አረፍ ብሎ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። የአንድ ታካሚ ትንፋሽ ከ16 ተነስቶ 26 ሲገባ ሕመሙ መባባሱ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የደም ግፊቱ ገና ምንም አላለም። ያንን የምትቆጥረው፣ «ይሄ ሰውዬ አላማረኝም» ብላ ሐኪሙን በእኩለ ሌሊት የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። አጎት ነርስን የሚያውቃት በመርፌዋ ብቻ ነው። እሱንም ሲወጋ ፊቱን ስለሚያዞር ሥራዋን በደንብ አላየውም።

አሜሪካዊቷ የነርስነት ተመራማሪ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አለ። በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ግዛት ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ተመለከቱ። አንዲት ነርስ የምትይዘው ታካሚ በአንድ በጨመረ ቁጥር፣ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ከፍ ብሎ አገኙት። ትራስ በማስተካከል ብቻ የሚመጣ ልዩነት አይመስለኝም።

ነርስ እሆናለሁ ያለው ወንድ ከሆነ ደግሞ ምክሩ ቀርቶ ሳቅ ይሆናል። ሥራ ሲጀምር ግን እነዚያው የሳቁት ሰዎች ጋውኑን አይተው «ዶክተር!» ይሉታል። አጠገቡ የቆመችውን ዶክተር «ሲስተር፣ ውሃ ታቀብይኛለሽ?» ይሏታል። ሁለቱም ማረም ከተዉ ቆይተዋል።

ምክሩ የዛሬ እንዳይመስላችሁ። የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው የእንግሊዛዊቷ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ቤተሰብ ሀብታም ነበር። ልጅቷ ነርስ እሆናለሁ ስትል እናቷና እህቷ አጥብቀው ተቃወሙ፤ የጨዋ ልጅ ሥራ አይደለም ተባለ። እሷ በ1854 እ.ኤ.አ. 38 ነርሶች ይዛ የክራይሚያ ጦርነት ቁስለኞችን ልታስታምም ሄደች። በዚያው ጦርነት ጃማይካዊቷ ሜሪ ሲኮልም ልሂድ ብላ ብታመለክት አልተቀበሏትም። በራሷ ገንዘብ ሄደች። የዘመዶቻቸውን ምክር የሚያስታውስ የለም።

«ሥራ አታገኚም» የሚለው ወገን ትንሽ የተሻለ ነው፤ ቢያንስ የሚጣራ ነገር ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ወደ 28 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉ፣ ሌላ 5.9 ሚሊዮን ደግሞ እንደሚጎድሉ ጽፏል። እውነቱን ለመናገር፣ ነርስ ጎድሏል ማለት ቅጥር ተከፍቷል ማለት አይደለም። ታካሚ በሰልፍ ሞልቶ የቅጥር በጀት ሲጠፋ የታየበት ቦታ ብዙ ነው። ስለዚህ ማጣራት ነው፤ የሚጣራው ግን አጎት ዘንድ አይደለም።

ከአጎት ጋር ክርክር አትግጠሙ። ማስረጃ ስታቀርቡ ኮምፒውተር የተማረውን የጓደኛውን ልጅ ያመጣባችኋል። ያንን ልጅ ማንም አሸንፎት አያውቅም። «እሺ ጋሼ፣ አስብበታለሁ» ብላችሁ ቅጹን መሙላት ነው። የምረቃው ቀን ፎቶው ላይ መሃል የሚቆመው እሱው ነው።

እኔ ቁጭ ብዬ የምሰማው አንድ መካሪ ግን አለ። ከሌሊት ተራ የወጣች ነርስ። ጫማዋን አውልቃ «ይቅርብሽ እህቴ» ስትል የምትናገረውን ታውቃለች። ወገቧ፣ እንቅልፏ፣ የሚጮህባት አስታማሚ፣ ሽንት ቤት ሳትሄድ የነጋባት ሌሊት፣ ማታ አዋርታው ጠዋት ያጣችው ሰው። ይህን «ተስፋ አስቆራጭ» ብሎ ማለፍ ሞኝነት ነው። «ለምን?» በሏት። ስታብራራ አብዛኛው ብሶት የሰው ኃይል ማነስ ሆኖ ይገኛል፤ ቀሪው ጓንት ማጣት፣ አለቃ፣ ደመወዝ። ለሚያመለክት ሰው ከዚህ የተሻለ የጥያቄ ዝርዝር የለም። እዚህ በአንድ ፈረቃ አንድ ነርስ ስንት ታካሚ ትይዛለች? አዲስ ተቀጣሪውን ማን ያለማምደዋል? ወደ ጽኑ ሕሙማን፣ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ወይም ወደ አእምሮ ጤና ለማለፍ ትምህርቱ ክፍት ነው?

ብሶቷ ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። «ታዲያ ዛሬ ማታ ለምን አትቀሪም?»

«እንዴት እቀራለሁ!» ትላለች ጫማዋን እየፈለገች። «አልጋ 6 ያለው ሰውዬ ዛሬ ቱቦው ይነቀልለታል። እኔ ከሌለሁ ሌሎቹ ማስታገሻውን ይረሱበታል።»