«ልጄ አጃቢ ናት እንዴ?»

አሁን ነው የወጡት። እጄ ገና እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ሁለቱን የፒያኖ ተማሪዎቼን ታውቋቸዋላችሁ፣ ስንቴ አውርቻችኋለሁ። የአስር ዓመቷ እህትና የሰባት ዓመቱ ወንድም። አንድ ፒያኖ፣ አራት እጅ፣ አራት ክርን።

ሦስት ሳምንት! ለስምንት ባር፣ ለስምንት አጫጭር የዜማ ክፍል፣ ሦስት ሳምንት! ዜማው የትንሹ ነው፣ በላይኛው በኩል። ትልቋ ታች ባሱን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ይዛ ታጅባለች። የሱ ጣት ገና ጉልበት የለውም። የሷ እጅ ጠንክሯል። በዚያ ላይ የባስ ገመድ ረጅምና ወፍራም ነው፣ መዳብ የተጠመጠመበት። አንዴ ከተመታ ድምፁ ይቆያል። የላይኛው ኖታ ደግሞ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሁለቱም በእኩል ጉልበት ቢመቱ የሚዋጠው ማን ነው? እሱ። ሁሌም እሱ።

ያልሞከርኩት የለም። እሷ ቁልፉን ሳትጫን ላዩን ብቻ እየዳሰሰች፣ እሱ ዜማውን ብቻውን እንዲጫወት አደረግኩ። ቦታ አቀያየርኳቸው። ቀድቼ አሰማኋቸው። በመጨረሻ የሠራው ዘዴ ምን መሰላችሁ? የሱን ዜማ በአፏ እያንጎራጎረች እንድታጅብ ማድረግ። የገዛ ባሷ የገዛ ድምጿን ሲሸፍንባት ሰማችው። እጇ በአንዴ ለዘብ አለ። «ኦ!» አለች። ለዚያች «ኦ» ነው እኮ እኔ ጠዋት ከአልጋዬ የምነሳው።

ዛሬ ታዲያ ተሳካ። ስምንቱም ባር። ባሱ ከታች እንደ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ የልጁ ዜማ ላዩ ላይ ሄደ። ልጁ ራሱ ደንግጦ ዞሮ አያት። ዓይኔ እንባ ሞላ። ልክ በዚያች ሰዓት ከኋላ ስልክ ደግና የነበረችው እናትየው፦

«ቲቸር፣ ልጅቷን አሟታል እንዴ? ድምጿ ጠፋ እኮ።»

«ኧረ ደህና ናት! በጣም ጎበዝ ሆና ነው። እዚህ ጋ ዜማው የሱ ስለሆነ እያጀበችው ነው።»

«እያጀበችው? ልጄ አጃቢ ናት እንዴ?»

ልጆቹ ፊት! ሁለቱም እየሰሙ! ረጋ ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። በየተራ ነው፣ ገጹ ሲገለበጥ ዜማው ወደሷ ይመጣል፣ ያኔ ደግሞ እሱ ለሷ ይለቃል አልኳት። አላስጨረሰችኝም።

«እሱን ተይው። ሁለቱም እኩል ነው የሚማሩት፣ እኩል ይሰሙ። ለአያታቸው የምልከው ቪዲዮ ላይ እሷ የለችም። ደሞ ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ጠይቄ፣ ‹ድምፅሽን ቀስ አድርጊ› እያሉ ማስተማር የለም ብሎኛል።»

እና እኔ ምን አልኩ? «እሺ።» እሺ አልኩ! ይኸው እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ከዛ ቀና አለችና መታችው። መታችው ነው የምላችሁ! ድምፁን የሚያቆየውን ፔዳል እስከ መጨረሻው ረግጣ ያዘችው። ፔዳሉን የምትይዘው እሷ ናት፣ የሱ እግር አይደርስም። ክፍሉ በሙሉ ጎርፍ ሆነ። እሱ በክርኑ ጎሸማት። «ቲቸር፣ እያት!» ሦስት ሳምንቴ በሃያ ሰከንድ ውስጥ አለቀ። እናትየው ምን አለች? «አሁን ተሰማች!»

እንዴ! ሰው እንዴት ነው እንዲህ የሚለው? እኩል ማለት ይገባኛል። መጫወቻ ሲከፋፈል እኩል ነው። ሙዚቃ ግን ንግግር ነው። ሁለት ሰው እኩል ከጮኸ ማንም አልተናገረም። ፒያኖ የሚለው ስም እኮ ፒያኖፎርቴ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ያጠረ ነው፣ ለስላሳና ኃይለኛ ማለት ነው። ጣሊያናዊው መሣሪያ ሠሪ ክሪስቶፎሪ እ.ኤ.አ. 1700 አካባቢ መሣሪያውን የሠራው ለዚሁ ብሎ ነው፣ ጣት ሲለዝብ ድምፁም እንዲለዝብ። የመሣሪያው ስም ውስጥ ያለውን ነገር ነው አታስተምሪ የምባለው።

ደግሞ ቀስ ብሎ መጫወት ቀላል መስሏቸዋል። ቁልፉ የሚወርደው አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በጣም ካዘገመች ገመዱን የሚመታው መዶሻ ሳይደርስ ይመለሳል፣ ኖታው ባዶ ይሆናል። ትንሽ ከፈጠነች ትጮኻለች። እዚያች መሀል ጣትን መያዝ ከባድ ሥራ ነው። የአስር ዓመት ልጅ ያንን ስትችል ይጨበጨብላታል እንጂ አመማት ወይ አይባልም!

ይሄን ሳስብ ደግሞ እቤታቸው ያለው ኪቦርድ ትዝ አለኝ። ስንቴ ቀይሩት ብዬ ለመንኩ! የጣት ጉልበት የማይለይ ኪቦርድ ነው። ብትዳስሰውም በቡጢ ብትለውም ያው ድምፅ። እዚያ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ተለማምደው ይመጡና እኔ ከዜሮ እጀምራለሁ። አባትየው ደግሞ ባለፈው «ለምን ሁለት ፒያኖ ላይ አታደርጊያቸውም፣ አይጣሉም» አለኝ። አይ ጌታዬ፣ በሁለት ፒያኖም ያው መደማመጥ አይቀርም!

ፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ ራቬልን ታስታውሱ እንደሆነ፣ ለወዳጆቹ ልጆች፣ ለእህትና ለወንድም፣ ባለ አራት እጅ ሥራ ጽፎላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 መድረክ ላይ ሲቀርብ ግን የተጫወቱት ሌሎች ሁለት ልጆች ናቸው። ለነዚያ እህትና ወንድምም ቢሆን አልቀለለላቸውም።

ያቃጠለኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። ባለፈው ወር ልጅቷን «ለምን ቀስ አትይለትም?» አልኳት። ቁልፎቹን እያየች «ቤትም ሁሌ ለሱ ተይለት ነው፣ እዚህም ለሱ ልተው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። ለሷ ቀስ ማለት መሸነፍ ነበር። ያንን ከልቧ ለማውጣት ነው ሦስት ሳምንት የፈጀሁት። መተው ሳይሆን መሸከም ነው፣ አንቺ ከለቀቅሽ እሱ ይወድቃል አልኳት። አመነችኝ። ዛሬ እናቷ መጥታ «ልጄ አጃቢ ናት እንዴ?»

ሲወጡ ትንሹ በሩ ጋ ቀሚሴን ጎተተኝ። «ቲቸር፣ ቅድም እኮ ተሰማሁ አይደል?» አለኝ። «ተሰማህ» አልኩት። እህቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ደረጃው ላይ ቆማለች። ዞራ አላየችኝም።

ሐሙስ ይመጣሉ። ከመጀመሪያዋ ባር እንጀምራለን። የእናትየውን ወንበር ግን ኮሪደሩ ላይ ነው የማደርገው።