ዳዋው የደን መነሻ ነው

ስለ ደን መጨፍጨፍ በተነሳ ቁጥር «ተፈጥሮ ራሷን ትጠግናለች» የሚል አይጠፋም። አባባሉ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ነገር ግን በምን እንደምትጠግን ማንም ሳይጠይቅ ይታለፋል።

እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ የሴንት ሄለንስ ተራራ ፈንድቶ ዙሪያውን በአመድና በትኩስ ድንጋይ ቀበረው። በዚያ ግራጫ ሜዳ ላይ ቀድማ የበቀለችው ሐምራዊ አበባ ያላት አንዲት አጭር ተክል ነበረች፤ የግብጦ ዘመድ ናት። በሥሯ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ምግብ ያደርጉላታል። ቅጠሏ ረግፎ ሲበሰብስ፣ ነፋስ ላመጣው ዘር ሁሉ መያዣ ሆነ። አመዱ ሳሳ ባለበት ሥፍራ ደግሞ በጉድጓዳቸው የተረፉ አይጥ መሰል እንስሳት የቀድሞውን አፈር እየቆፈሩ ወደ ላይ አወጡት። በ1982 አካባቢው በሕግ ተከልሎ ለራሱ ተተወ።

በአይስላንድ ጠረፍ አጠገብ በ1963 በእሳተ ገሞራ ከባሕር የወጣችው ሱርትሲ ደሴት ግን አፈር የሚባል አልነበራትም። ሣሩ በደንብ የለመለመው ከ20 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ የባሕር ወፎች ሰፍረው መሬቱን በኩሳቸው ካዳበሩት በኋላ ነው።

እኛ ዛፉን እንቆርጣለን፣ ጉቶውን እንነቅላለን፣ እናርሳለን፣ የተረፈውን በከብት እናስግጣለን፤ በዓመቱም እንመለሳለን። መሬቱ ሁልጊዜ ሀ ብሎ ይጀምራል። ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ የሚጀምርበት አፈር ራሱ በጎርፍ ይሄዳል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል።

ጦም ያደረ ማሳ ዳዋ ሲለብስ የስንፍና ምልክት ተደርጎ ይታያል። ጎንበስ ብሎ ላየው ግን ሥራ ላይ ነው። አረሙ አፈሩን ከዝናብ ምት ይከልላል፤ ቁጥቋጦው ጥላ ይጥላል፤ በቅርንጫፉ ያረፈች ወፍ የበላችውን የዛፍ ዘር ትጥላለች፤ ዘሩም በዚያው ጥላ ሥር ይበቅላል። ይህ ሁሉ ተመንጥሮ የችግኝ ጉድጓድ ሲቆፈርበት ማየት ያንገበግበኛል። በአቅራቢያው ዘር የሚሰጡ ዛፎች ካሉ፣ ከብትና እሳት ተከልክለው ቦታው ለዓመታት ይተው። ችግኙ ዘር የሚልክ ዛፍ ወዳልቀረበት ገላጣ ይሂድ።