«ለጊዜው ነው» እያልን እስከመቼ?

ወገኖቼ፣ ኧረ ተው እንመካከር። የስንት ሰው ዳታ በእጃችን ይዘን በራችንን ገርበብ አድርገን የምንተኛው ምን ነክቶን ነው? ሁሌ ያቺው ቃል ናት፣ «ለጊዜው ነው»። ፓስወርዱን ለጊዜው ግሩፑ ላይ ጣሉት፣ ለጊዜው ለሁሉም አድሚን (ሁሉን የመክፈትና የመቀየር መብት) ስጧቸው፣ ኪዩን (ፕሮግራሙ ሌላ ሲስተም ውስጥ የሚገባበትን ሚስጥራዊ ቁልፍ) ለጊዜው ኮዱ ውስጥ እናድርገውና በኋላ እናወጣዋለን... ማን ነው የሚያወጣው?

እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም። የዳታቤዝ ፓስወርድ ኮድ ውስጥ ረስቼ ፑሽ አደረግኩና (ወደ ጋራ ማስቀመጫው ላክሁትና) ደንግጬ ቶሎ አጠፋሁት፣ አዲስ ኮሚት ሰራሁ (ለውጡን መዘገብኩ)፣ ተገላገልኩ አልኩ፤ ለካ ጊት (የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም) የድሮውን ሁሉ ያስቀምጣል፣ ሂስትሪውን ለከፈተ ሰው ፓስወርዱ እዛው ቁጭ ብሏል። አንዴ የወጣ ኪይ ይቀየራል እንጂ አይደበቅም። ኡበር ላይ እንደ ፈረንጆቹ በ2016 የሆነውም ከዚህ አይርቅም፣ ጊትሀብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረገጽ) ላይ የተቀመጠ ኪይ ያገኙ ሰዎች የ57 ሚሊዮን ሰው መረጃ ይዘው ሄዱ።

ደግሞ «እኛን ማን ይነካናል» የምትሉ አላችሁ። የአሜሪካው ኮሎኒያል ፓይፕላይን በ2021 ያን ሁሉ ነዳጅ የሚያመላልሰው መስመሩ ለቀናት የቆመው ማንም በማይጠቀምበት ግን ማንም ባልዘጋው አንድ የቪፒኤን (ከውጭ ሆኖ ወደ መስሪያ ቤቱ ኔትወርክ የሚገባበት) አካውንት በገቡ ሌቦች ነው፣ ከፓስወርዱ ሌላ የሚጠይቅ ሁለተኛ ኮድ እንኳ አልነበረውም፣ ኩባንያውም ለሌቦቹ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለ። የሰው ብድር መረጃ የሚሰበስበው የአሜሪካው ኢኩፋክስስ? ቀዳዳውን የሚደፍነው አፕዴት በ2017 ማርች ላይ ወጥቶ ነበር፣ ሌቦቹ የገቡት ሜይ ላይ ነው። ሁለት ወር ሙሉ «ነገ እናደርገዋለን» ሲባል ማለት ነው፣ የ147 ሚሊዮን ሰው መረጃ ወጣ።

አለቆችም አታምልጡ። በየሶስት ወሩ ፓስወርድ ቀይሩ እያላችሁ ሰው ስታስጨንቁ መጨረሻ ላይ ያለችውን 1 ወደ 2 ቀይሮ ነው የሚገላገላችሁ (እኔ 7 ደርሼ ነበር)። ይልቅ ፓስወርድ ማናጀር (ፓስወርዶቹን የሚይዝለት አፕ) ስጡት። አንድ ልጅ የማይሆን ሊንክ ነክቶ «ተሳስቻለሁ» ብሎ ሲመጣ ደግሞ ሰው ፊት አታሸማቅቁት፣ እሱን ካሸማቀቃችሁት ቀጣዩ ዝም ነው የሚለው፣ እናንተም ሌባው ገብቶ ሲንጎራደድ ከርሞ ነው የምትሰሙት።

እስቲ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት የአካውንቶቹን ዝርዝር ክፈቱና እዩ፣ አምና የለቀቀው ልጅ አሁንም አድሚን ነው።