ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

ጎንደር ላይ በዘፈን ፍቅር የተያዘ ሰው አይወቀስም። አዝማሪ ቤት ገብቶ የወር ደመወዙን አዝማሪው ግንባር ላይ ለጥፎ የወጣ ሰው ቢበዛ «ትናንት ነሽጦት ነበር» ይባላል፤ ሚስቱ ትቆጣለች፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ያልቃል። የሰፈራችንን ሸክላ ሰብሳቢ ግን ሰው የሚያየው በሐዘኔታ ነው። የሚወድደው ሰው አይዘፍንማ!

የሚወድደው ሰው ላሪ ኸርድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1960 ቺካጎ ውስጥ የተወለደ ከበሮ መቺ ነው። እስከዚህ ድረስ ሰፈሩ ቅሬታ የለውም፤ ከበሮ የተከበረ ሙያ ነው። ነገር የመጣው ሰውየው ባንዱን ትቶ፣ ሲንተሳይዘር የሚሉትን በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር ኪቦርድና የከበሮ ማሽን ገዝቶ፣ ቤቱ ተቀምጦ ብቻውን መሥራት ሲጀምር ነው። «ሚስተር ፊንገርስ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው «ካን ዩ ፊል ኢት» ዲፕ ሃውስ የሚባለው በማሽን የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚጠራ ሸክላ ነው። ወፍራም ባስ፣ መጣሁ ቀረሁ የሚል ኮርድ፣ በደቂቃ 120 ጊዜ ገደማ የሚመታ ከበሮ። ቃል የሚባል የለበትም። ቅኔ ሲፈታ እየሰማ ባደገ ሕዝብ ፊት ቃል የሌለው ዘፈን ይዞ መቅረብ፣ መቼም ድፍረት ነው።

ሰብሳቢያችን ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ በእናቱ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አለችው። ሸክላዎቹ በተርታ ቆመዋል፤ ተጋድመው ከተደራረቡ ይጎብጣሉ። በዚያ ክፍል ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር እነሱ ብቻ ናቸው፤ አልጋው ራሱ በአንድ በኩል እግሩ ጡብ ነው። እንግዳ ሲመጣ አንዱን መዝዞ፣ ጠርዙን በሁለት መዳፉ ይዞ፣ ወደ መስኮቱ አዘንብሎ፣ መሀል ካለው ወረቀት ዙሪያ የተጫረችውን ቁጥር በስልኩ መብራት ያነብለታል። የመጀመሪያው እትም ይሁን በኋላ የታተመ፣ የሚለየው በእሷ ነው። ከዚያ መልሶ ይከትተዋል። «አታጫውተውም?» ሲሉት «ዛሬ አቧራ አለ» ይላል። ጎንደር አቧራ የሌለው ክረምት ነው፤ ክረምት ደግሞ እርጥበት አለ።

አሳታሚው፣ ትራክስ የሚባለው የቺካጎ ድርጅት፣ ያረጁ ሸክላዎች እያቀለጠ አዲስ ያትም ነበር ይባላል። ስለዚህ አንዳንዱ ገና ከሽፋኑ ሲወጣ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል። ሰብሳቢያችን መንጣጣቱን ከዜማው ለይቶ አያየውም። አንድ ቀን ያንኑ ሙዚቃ ከስልኬ፣ ጥርት ያለውን አሰማሁት። ፊቱን አጨማደደ። ምን ጎደለው ብዬ ብጠይቀው፣ «ቆሻሻው» አለኝ።

ሸክላ ጎንደር የሚደርሰው በዘመድ ሻንጣ ነው። ሰው ከአሜሪካ ዘመዱ ጫማ፣ ሽቶ፣ ስልክ ያዝዛል፤ የእኛ ሰው ላሪን ያዝዛል። ላሪ እ.ኤ.አ. በ2018 በሚስተር ፊንገርስ ስም አዲስ አልበም አወጣ። በተከተለው ከተራ አገር ምድሩ ታቦት አጅቦ ወደ ፋሲለደስ ሲወርድ፣ እሱ ሻንጣ ሊያጅብ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር።

እናቱ ይህን ሁሉ ችለዋል። የሸክላ ሽፋን ቁመቱም ወርዱም ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠንካራ ካርቶን ስለሆነ ከሰል ለማራገብ ከዚህ የተሻለ ልክ አልተፈጠረም። ይህን ቀድመው የደረሱበት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ሽፋኑን ከነአመዱ ከረከቦቱ ሥር ሲያገኘው አኩርፎ ሰነበተ፤ እሳቸውም «ባዶውን እኮ ነው የወሰድሁት፣ ውስጡን መች ነካሁት» ብለው ተከራከሩ። አንጀታቸውን የበላው ግን ሌላ ነው። አባትየው ትተውት ያለፉት የባለ 45 ሸክላዎች ክምር ነበር፤ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ሲያሳትሟቸው ከነበሩት ትናንሾቹ። ፋሲል ግቢ ሊጎበኝ የመጣ አንድ ፈረንጅ ሰብሳቢ አያቸውና ዓይኑ ፈጠጠ። ተለዋወጡ። ፈረንጁ የእኛን ታቅፎ፣ የእኛው የፈረንጁን ታቅፎ፣ ሁለቱም «አታለልሁት» እያሉ ተለያዩ። እናትየው ሲሰሙ አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «የአባትህን ዘፋኞች ሸጠህ ዘፋኝ የሌለው ገዛህ።»

ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ እሱም በመስኮት ያሰማል። አቦል ሲቀዳ ከበሮው ይጀምራል። ቶና ላይ ባሱ ይገባል። በረካ ላይ ኮርዱ ብቅ ይላል። አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን በየስኒው «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» ይላሉ። እሱ በትዕግሥት ያስረዳል፤ መግቢያው የሚረዝመው ዲጄው ያለፈውን ሸክላ ከሚቀጥለው ጋር ቀስ አድርጎ እንዲያገናኝ ነው፣ ለዚህ ሲባል ከበሮው ብቻውን ይተዋል። «እና ዘፋኙ ከሚቀጥለው ጋር ይመጣል?» ይላሉ።

መጣም። ማጉያው በባትሪ ይሠራል፣ ማጫወቻው ግን ግድግዳው ላይ ነው የተሰካው። መብራት ድንገት ሄደ። ሸክላው እየዘገየ፣ ድምፁ እየወፈረ፣ እየወፈረ፣ «ዎዎዎው» ብሎ እንደ ማቃሰት ብሎ ቆመ። አሮጊቷ ስኒያቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ። «እንዲህ ነው እንጅ! ደግሞ ሆዱ ስንት ነገር ይዟል!»

እንደ እኔ ከሆነ ግን ሰፈሩን ያስከፋው የቃል ነገር ብቻ አይደለም። ላሪ ስማችንን አይጠራም። አዝማሪ ቤት ስንገባ ዜማ ልንሰማ ነው የምንሄደው የሚል ካለ ይዋሻል። የምንሄደው ልንጠራ ነው። የአባታችን ስም፣ የመጣንበት ቀበሌ፣ የገዛነው አይሱዙ፣ ያልገዛነውም አይሱዙ ይነሳልናል። የራሰ በራውን ግንባር ፋሲል አደባባይ ይሉለታል፤ ስቆ መቶ ብር ያወጣል። ላሪ ግን ከቺካጎም ኖረ ኋላ ሜምፊስ ገባ፣ ማንንም አላወደሰም፣ ማንንም አልነካም። አንድ ሠርግ ላይ ሰብሳቢያችን ሙሽራውን ለምኖ ለጥቂት ደቂቃ ስፒከሩን ተረከበ። ትከሻ ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። እስክስታው የሚወርድበት ቦታ ጠፋ። የሙሽራው አክስት ቢቸግራቸው ግጥም ሊሰጡ ወደ ስፒከሩ ቀርበው «ተቀበል!» አሉ። ላሪ አልተቀበለም። «ተቀበል እንጅ!» ብለው ደገሙ። ዝም። አክስትየው እንደተናቁ ቆጥረው ከሠርጉ በጊዜ ሄዱ፤ እስከ ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ሰላም የላቸውም።

ላሪን ሰው ያደረገው ሙግት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 ከሮበርት ኦውንስ ጋር ሆኖ ትራክስን ከሰሰ፤ በሰማንያዎቹ የሠራናቸው ሥራዎች ድርሻ አልተከፈለንም፣ መብታችንም ይመለስ ብለው። በ2022 በስምምነት አለቀ፣ የሥራዎቻቸውን መብት መልሰው አገኙ። ሰብሳቢያችን ይህን ያወራው የእድራችን ሊቀ መንበር በተገኙበት፣ አዝማሪ ቤት፣ ብርሌ ከተደጋገመ በኋላ ነበር። ሊቀ መንበሩ ደምቢያ ባለ የአባታቸው መሬት ከወንድማቸው ጋር ሲሟገቱ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ስለ ኮርድ ሲወራ ያንቀላፉ የነበሩት ቀና አሉ።

«ከሰሰ? ስንት ዘመን ታግሶ?»

«ሠላሳ ዓመት አልፎታል ጋሼ።»

«ጨዋ ነው! እና አብሮት የከሰሰው ማን ነው?»

«ሮበርት ኦውንስ። ፊንገርስ ኢንክ የሚል ቡድን ነበራቸው… ዘፋኙ ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ይህን ሁሉ ዘመን ዘፋኝ ኖሮት አልነገረንም! ሰብሳቢያችን «ያ ሌላ ሸክላ ነው፣ የቡድኑ ነው» እያለ ሊያስረዳ ሲሞክር አዝማሪው መሲንቆውን አንስቶ ነበር።

ዘፋኝ ጠፋ ሲሉ ከላሪ ጨዋታ፣
ለካ ችሎት ገብቷል ይዞ አቤቱታ።

ቤቱ ፈረሰ። ሁልጊዜ አዝማሪ ስም ሲጠራ «ለገንዘብ ነው» ብሎ አፍንጫውን የሚነፋው ሰብሳቢያችን፣ የላሪን ስም ሲሰማ ለአዲስ ሸክላ ያጠራቀማትን ብር ከኪሱ አውጥቶ እየተንቀጠቀጠ አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈ። አዝማሪው ወፍራም ብር ሲያይ ጊዜ ጎንበስ ብሎ «የአባቱን ስም ንገረኝ፣ ላንሳው» አለው። «ኸርድ» አለ ሰብሳቢያችን። አዝማሪው ቤት የሚመታለት ቃል ፈልጎ አጣ፤ መሲንቆውን እየገዘገዘ ጊዜ ገዛ።

ሊቀ መንበሩ በዚህ መሀል ወንበራቸውን ወደ ሰብሳቢያችን ስበዋል። በሁለት ዓመት ማለቁን ማመን አቅቷቸዋል። «ልጄ፣» አሉት እጁን ይዘው፣ «ከዚህ ሰውዬ ጋር ትጻጻፋለህ?»

«ኧረ አልጻጻፍም ጋሼ።»

«ተጻጻፍ። ዘፈኑን ተወው። ጠበቃው ማን እንደሆነ ብቻ ጠይቅልኝ።»