አምስት ዳዶ

ስድስት ቡሎን፣ አምስት ዳዶ። እስቲ አሁን ምን ይባላል?

የመኪናዬ ጎማ ነገር ነው። የእግሯ ጎማ አይደለም፣ እሱንማ ማን ያጣዋል። ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ዲፈረንሻሉ ጋ፣ ማለትም ኃይሉን ለኋላ እግሮቿ የሚያካፍለው ጋ፣ ሲደርስ መሃል ላይ የሚገባው፣ አምባሻ መሳይ ወፍራም ጎሚኒ። ሦስት ቡሎን ወደ ዘንጉ፣ ሦስት ወደ ዲፈረንሻሉ። ሌላ መኪና ላይ ክሮቸራ (ዘንጉን የሚያገናኘው የመስቀል ቅርጽ ብረት) የሚቀመጥበት ቦታ ማለት ነው። የኔዋ የ1996 (በፈረንጅ) ላንድሮቨር ዲስከቨሪ ላይ ግን እንግሊዞቹ ንዝረት እንዳይሰማን ብለው ጎማ አደረጉበት። እኔ ሰፈር ኮብልስቶን ላይ ንዝረት እንዳይሰማኝ! እግዜር ይስጣቸው።

ለወራት ማርሽ ስቀይር "ጓ" ትል ነበር። እኔ ደግሞ ሬዲዮኑን ከፍ አደርጋለሁ። ቅዳሜ እንጦጦ ዳገት ላይ ተበጠሰ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ንቅንቅ የለም። የእጅ ፍሬን ሳብኩ፣ እሱም የለም። የዚህች ጉደኛ የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ዘንጉን ነው፣ ዘንጉ ከተለያየ ምኑን ይያዝ? እኔ የእግር ፍሬን ረግጬ፣ ሚስቴ በበዓል ጫማዋ ወርዳ ድንጋይ ፍለጋ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም፣ እሱ ራሱን የቻለ ብሶት ነው።

አስፋልት ላይ ተኝቼ ዘንጉን ፈታሁት። የካምቢዮ በኩል ቡሎኖቹ በኢንች ናቸው፣ 14 ቁልፍ አይገባም፣ 15 ይሾራል። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን የመሃል ዲፈረንሻል ቆልፌ በፊት እግሯ ብቻ ቤት ገባች። እዚህ ላይ እንኳን አልማትም፣ ጀግና ናት።

ሰኞ መርካቶ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል፣

"ክሮቸራ ነው" አለኝ።

"አይደለም፣ ጎማ ነው።"

"ፋዘር፣ እዛ ቦታ ጎማ አይገባም።"

አይገባም! ጎማው እኮ በፌስታል እጄ ላይ ነው! አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት፣ ሦስት ቦታ ተተርትሯል። አገላበጠው፣ አሸተተው (ለምን እንዳሸተተው እስካሁን አልገባኝም)። "ይሄ የሞተር ጎሚኒ ነው።" ጎረቤቱን ጠራ። ጎረቤቱ "የወፍጮ ነው" አለ። ሦስተኛው ሻይውን ይዞ መጣ፣ ጎማውን አይቶ፣ እኔን አይቶ፣ "ፋዘር፣ መኪናዋን ከማን ነው የወረሷት?" ሱቁ በሳቅ ሞተ። ሙድ ተያዘብኝ፣ በጠራራ ፀሐይ። ከዚያ ያ የመጀመሪያው፣ በጣም ትሁት ሆኖ፣ "ለሚቀጥለው መካኒክዎን ይላኩ፣ እናንተ ስትመጡ ነገር ይበላሻል" አለኝ። እናንተ ማለት እነማን ነን? ፋዘርስ ማን ነው? አርባ አንድ ዓመቴ ነው! እሱም ሠላሳ አምስት ይሆነዋል!

አንድ ሰዓት ጠፍቶ ሌላ ጎማ ይዞ መጣ። ያብለጨልጫል። በጥፍሬ ስፍቀው ጥቁር ቀለም ለቀቀብኝ። "ያገለገለ ነው አይደል?" ብለው "ተፈትኖ ያለፈ ነው" አይለኝም! ኦርጅናል ነው፣ ታይዋን አይደለም፣ 12 ሺህ ብር። ከፈልኩ። ምን ላድርግ? አዎ አውቃለሁ፣ ጎማውን ጥሎ ባለ ክሮቸራ ዘንግ ከነፍላንጁ መግጠም ይቻላል፣ ኮመንት ላይ እንዳትጽፉልኝ። ዋጋውን ጠይቄ ነው ዝም ያልኩት።

መካኒኬማ ሌላ ነው። "ለምን ትከስራለህ፣ ከአይሱዙ ጎማ ቆርጬ እሠራልሃለሁ" አለኝ። መኪናዬን በረባሶ ሊያጫማት! እምቢ ስለው ተቀይሞ ስልክ አያነሳም። ለዚህ ነው ራሴ ከሥሯ የገባሁት። ባለፈው ዓመት ፍሬኗን ሲሠራ አንድ ካቻቪቴ ውስጧ ረስቶ እንደነበር ግን እኔ አንስቼበት አላውቅም።

ያክስቴ ልጅ ደግሞ አለላችሁ። ከ2016 ጀምሮ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ሲከለከል ኤሌክትሪክ ገዝቶ፣ በተገናኘን ቁጥር "ሽጣትና ተገላገል፣ የኔ እንደዚህ ዓይነት ዕቃ የላትም" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ የላትም። ባለፈው ክረምት ከጭቃ ጎትታ ያወጣችው ግን የትኛዋ ነበረች? እሱ ተረሳ።

እሺ፣ ዛሬ ማታ። ክሪክ አለ፣ ባትሪ አለ፣ ዘንጉ ወጥቷል፣ ጎማው ገባ፣ ቡሎኖቹ አንድ ባንድ ገቡ። አምስተኛውን አሰርኩና ለስድስተኛው እጄን ፌስታሉ ውስጥ ብሰድ ባዶ! መሬቱን ዳሰስኩ፣ ኪሴን ፈተሽኩ። የሶማሌ ተራው ልጅ ከጎማው ጋር አምስት ዳዶ ነው የሰጠኝ። የድሮዎቹ ውስጣቸው ያለው ፕላስቲክ አልቆ በጣት ይዞራሉ፣ የሚንቀጠቀጥ ዘንግ ላይ እነሱን አላምንም። ደወልኩለት። "አምስቱ ይይዘዋል ፋዘር" አለኝ።

አምስቱ ይይዘዋል!! በ12 ሺህ ብር!

ነገ እንግዲህ ከሥራ ቀርቼ ለአንድ ዳዶ መርካቶ ልወርድ ነው። ያንን ሳቅ ደግሜ ልሰማ ነው። መኪናዋ ክሪክ ላይ ናት፣ የእጅ ፍሬን እንደሆነ ዘንጉ ካልታሰረ አይታመንም፣ ጎማዋ ሥር የማደርገው ነገር ስፈልግ ሚስቴ በመስኮት ብቅ አለች። በአራት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ንግግሯ ይሄ ነው፣

"ያን ድንጋይ እንጦጦ ጥለኸው መጣህ?"