ታንከር ግድግዳ ላይ አይሰቀልም

ሰሞኑን በለገሃር ዙሪያ ስላሉ አሮጌ መጋዘኖች በተደረገ ውይይት አንድ አማካሪ መሐንዲስ «እነዚህ ቤቶች የቢራ ታንከር ሸክም አይችሉም፤ አፍርሶ ሕንፃ መሥራት ይሻላል» አሉ። ተጨበጨበላቸው። መጋዘኑን ቢራ መጥመቂያና ድራፍት ቤት የማድረግ ሐሳብም እዚያው ተቀበረ።

እስቲ እንቁጠር። 1,000 ሊትር ቢራ የያዘ ታንከር ከነብረቱ 1.4 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ የሚይዘው ቦታ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ነው። አሥር ኩንታል እህል ተደራርቦ ሲቆለል ደግሞ አንድ ቶን ከግማሽ ካሬ ብዙም በማይበልጥ መሬት ላይ ያርፋል። መጋዘን ዕድሜ ልኩን የተሸከመው ይህንን ነው። ታንከሩን የሚለየው ክብደቱ በአራት እግር ላይ መሰብሰቡ ብቻ ነው፤ ለዚያም ከየእግሩ ሥር ወፍራም ላሜራ ይበቃዋል። ወለሉ ዋልካ ላይ ተሠርቶ ከተሰነጠቀ ቆርጦ ማንሳት፣ ጥቁሩን አፈር አውጥቶ ገረጋንቲ መጠቅጠቅና እንደገና በአርማታ መሙላት ነው። ግድግዳውና ቆርቆሮው በዚህ ምን አገባቸው?

መጥመቂያ የሚገድለው ክብደት ሳይሆን ውኃ ነው። ወለሉ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ስሎፕ (ተዳፋት) ይዞ ወደ ቦዩ መውረድ አለበት፤ ቦዩም ከታንከሮቹ ፊት እንጂ ከሥራቸው አይሆንም፤ ከሥር ከሆነ ማን ጎንበስ ብሎ ያጥበዋል? ተራ ሴራሚክ ያነጠፈ ሰው ብዙ ሳይቆይ ያለቅሳል፦ ታንከር የሚታጠብበት ትኩስ ኮስቲክ ሶዳና የቢራ አሲድ መጋጠሚያውን ይበሉታል፣ ውኃ ከሥር ይገባል፣ ቤቱ ይሸታል። ኢፖክሲ ቀለምም የ80 ዲግሪ ውኃ ሲደፋበት ይላጣል። የሚያዛልቀው ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የተነጠፈ ፖሊዩሪቴን ሲሚንቶ፣ ማለትም ሙቀትና ኬሚካል የሚቋቋም የወለል ልባስ ነው፤ እሱም ታንከር ከመግባቱ በፊት።

አሁን ይህንኑ በተወደደው አዲስ ሕንፃ ላይ ሞክሩት። የአዲስ ሕንፃ ምድር ወለል አብዛኛውን ጊዜ ከመኪና ማቆሚያ በላይ የተዘረጋ ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ነው። ወደ ቦዩ ለሚወርድ አሥር ሜትር ወለል 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ከየት ይመጣል? ሶሌታው ላይ ሙሌት ተጭኖ፣ ሶሌታውም ተበስቶ! ባፈሰሰ ቁጥር ኮስቲኩ በመኪና ጣሪያ ላይ ይንጠባጠባል። የሚብላላ 1,000 ሊትር ቢራ ደግሞ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ማለትም ወደዚያው መኪና ማቆሚያ። መሬት ላይ በተቀመጠው መጋዘን ግን ከወለሉ አጠገብ አየር የሚስብ ማራገቢያና በጉልበት ቁመት የተሰቀለ የጋዝ መለኪያ ይበቃል። ጉድጓድ ካለ ይደፈናል።

«ቢራ መሀል ከተማ አይጠመቅም» ላሉትም፦ በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው ጊዮርጊስ ቢራ ለአሥርተ ዓመታት የተጠመቀው ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ነው።

አንድ እውነተኛ ጥያቄ አለ፤ ፍሳሹ። የእጥበት ኮስቲክ በማጠራቀሚያ ጋን በአሲድ ሳይለዝብ ወደ ከተማው መስመር መለቀቅ የለበትም፤ የብቅሉ አተላም ሳይኮመጥጥ በዕለቱ ለወተት ላም አርቢዎች መሄድ አለበት። ይህን ያነሳ ግን በዚያ አዳራሽ ማንም አልነበረም።